የአቸቶው ጨርቅ

ሻምበል ጃሲም ሲደውል ራቢያ የዓርብ ምሳዋን ገና መጀመሯ ነበር።

«ሙዓይዘር ሰፈር ነኝ፤» አላት በዐረብኛ። «አንዲት ሐበሻ ሠራተኛ ሞታለች። የሥራ ጓደኛዋ እያለቀሰች ስለሆነ የምትለው አልገባኝም። መኪና ልኬልሻለሁ።»

ራቢያ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ናት። ዶሃ ከመምጣቷ በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆና ሠርታለች። እዚህ የተቀጠረችው ግን ለማስተርጐም ብቻ ነው። ሻምበሉ እሱ ያልጠየቀውንም ጭምር እንደምትጠይቅ ካወቀ ቆይቷል፤ ሆኖም አንድም ቀን አስቁሟት አያውቅም።

ቪላው ስትደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የሳሎኑ መስኮቶች በሙሉ ተከፍተዋል፤ እንዲያም ሆኖ የበረኪናው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል። ሟቿ ዓለምነሽ ከትልቁ የዓሣ ገንዳ ሥር በጎኗ ተጋድማለች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ዘጠኙን የኖረችው በዚህ ቤት ነው። ከራስጌዋ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የበረኪና ጠርሙስና ክዳኑ የተከፈተ የመጸዳጃ ቤት አሲድ ጠርሙስ አለ። የአሲዱ ጠርሙስ ወለሉ ላይ በጎኑ ወድቋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው፤» አለ ሻምበሉ። «መስታወቱ ላይ ያለውን ነጭ እድፍ ለማስለቀቅ ሁለቱን ቀላቀለቻቸው። መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ፤ ጭሱ ገደላት። አሲዱን የገዛችው ወጣቷ ሠራተኛ ናት። የቤቱ እመቤት ማዳም ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ እንዳይገባ ብላ ከልክላለች። ልጅቷ በቸልተኝነት ሰው በመግደል ትጠየቃለች።»

«ጠርሙሱን ላንሳው?»

«ፎቶ ተነሥቷል። አንሺው።»

ራቢያ ጓንት አጥልቃ አነሣችው። ባዶ ነው። ከሥሩ ያለውን እምነበረድ በጣቷ ዳሰሰችው። እንደተቀረው ወለል ሁሉ ልሙጥ ነው፤ ያበራል። ከዚያ ተነሥታ ገንዳውን ዞረችው። የቧንቧ ውሃ በተጨመረበት ቁጥር እየተንጠባጠበ የደረቀ ነጭ መስመር መስታወቱን በውጭ በኩል ዞሮታል። ከፊት ለፊት ግማሹ ጥርት ብሎ ጠርቷል፤ ግማሹ እንዳለ ነው። ከግድግዳው ጋር በተጠጋው ጎን፣ ልክ መስመሩ ላይ፣ አንድ የታጠፈ ጨርቅ እንደተለጠፈ ቀርቷል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። አቸቶ ይሸታል።

ገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ የለም።

«ዓሦቹስ?»

«የሚንከባከባቸው ሰው ኮሪደሩ ላይ በባልዲ ይዟቸዋል። ማዳም ደውላ ጠርታው ነው። ጭሱ ሳይወጣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ ገብቶ ነው ያዳናቸው። እሱም ያገርሽ ልጅ ነው።»

ራቢያ መጀመሪያ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ሂባ፣ የሃያ ሁለት ዓመቷ ሠራተኛ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። የጥቁር ቀሚሷ ጠርዝ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ደርቋል።

«እዪው፤» አለ ሻምበሉ ወደ ጠርዙ እየጠቆመ። «እሷም ኬሚካሉን ነክታለች።»

ራቢያ ከልጅቷ አጠገብ ቁጢጥ አለች። «ስሜ ራቢያ ነው፣ እህቴ። እኔም የወሎ ሰው ነኝ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»

«እትዬ ራቢያ፣ ወላሂ እኔ አልገደልኳትም! የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን ወሰዱት። ወደ እስር ቤት ነው የምትሄጂው አሉኝ።»

«ገደልሽ ያልኩሽ እኔ አይደለሁም። ከጠዋቱ ጀምሪልኝ።»

ሂባ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ማዳም፣ ባሏ ባባና ልጆቹ አራት ሰዓት ላይ ከሾፌሩ ጋር አል ዋክራ ወዳለው የአያታቸው ቤት ሄዱ። ዓለምነሽ ሳሎኑን ልታጸዳ ቀረች። ሂባ ከግቢው ጀርባ ባለችው ክፍል ልብስ ስታጥብና ስትተኩስ ቆየች፤ ማሽኑ ስለሚጮኽ ምንም አልሰማችም።

«ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ምሳ ምን እንሥራ ልላት ገባሁ። ሽታው መታኝ። መሬት ላይ አየኋት። ብጠራት ዝም አለች። መተንፈስ ሲያቅተኝ እየጮኽኩ ወደ ኋላ በር ሮጥኩ። ኮሪደሩ ላይ ባልዲ አደናቀፈኝና ከውሃው ተደፋብኝ። ከዚያ መንገድ ላይ ወጥቼ ለአምቡላንስና ለማዳም ደወልኩ።»

«የምን ባልዲ ነው?»

«የመወልወያው መሰለኝ። ጨለማ ነው ኮሪደሩ፤ አላየሁትም።»

«ተመልሰሽ ገባሽ?»

«ኧረ እንዴት ብዬ! የጎረቤቱ ዘበኛ ይዞኝ ነበር። ፖሊስ ነው ያስገባኝ።»

«አሲዱስ?»

«የኛ የሠራተኞቹ መጸዳጃ ቤት ወለሉ ጠቁሮ አልለቅ ስላለኝ ነው የገዛሁት። ከበሩ ጀርባ ነው የማስቀምጠው። እትዬ ዓለምነሽ ልትነካው? በረኪና እንኳ ሳሎን አታስገባም፤ ዓሦቹ ይሞታሉ ትላለች።»

«ታዲያ ነጩን መስመር በምንድን ነው የምታስለቅቀው?»

ሂባ ጥያቄው ገርሟት ቀና አለች። «በአቸቶ ነዋ። ከውሃ ጋር እኩል አድርጋ ጨርቅ ትነክርና መስመሩ ላይ ትለጥፈዋለች። አሥር ደቂቃ ትተወዋለች። ከዚያ በአሮጌ የባንክ ካርድ ፍቃ በንጹሕ ውሃ ታብሰዋለች። ጠብታ እንዳይገባ ገንዳውን ከላይ በፎጣ ትሸፍናለች፤ ውስጡን ጨርሶ አትነካም። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ እንዲያ ነው።»

ራቢያ ከቦርሳዋ ሶፍት አወጣች፤ በቧንቧ ውሃ ነክራ የልጅቷን ቀሚስ ጠርዝ ቀስ ብላ አበሰችው። ነጩ ነገር ወዲያው ጠፋ። ሶፍቱን በላስቲክ ቋጥራ ለሻምበሉ ሰጠችውና፣ «ይመርመርልኝ፤» አለችው።

ሾፌሩን ሰላሐዲንን ያነጋገሩት ግቢው ውስጥ፣ ከመኪናው አጠገብ ነው። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ድምፁ ጎርናና ሰው ነው።

«ከዓለምነሽ ጋር አትነጋገሩም ነበር አሉኝ፤» አለችው ራቢያ።

«ስልክ እያወራ ልጆቹን ይዞ ይነዳል ብላ ለማዳም ነገረችብኝ። ውሸት አልነበረም፤ ግን በጣም ተናደድኩባት። በዚህ ወር መጨረሻ አሰናብትሃለሁ አለኝ ባባ።»

«ባባ ሌላም ነገር ይላል። ከአምስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት መኪናው አል ዋክራ አልነበረም።»

ሰላሐዲን እጁን መኪናው ላይ አሳረፈ። ሻምበሉ ወደ ራቢያ ጠጋ ብሎ፣ «ዓርብ መንገዱ ባዶ ነው፤» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «አንድ ሰዓት ደርሶ ለመመለስ ይበቃዋል።»

«ሌላ ሹግል፣ ሌላ ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነበር፤» አለ ሰላሐዲን በመጨረሻ። «ወደቡ አጠገብ ያለ ቤት ሾፌር ይፈልጋሉ ተባልኩ። ባባ ቢሰማ ዛሬውኑ ያባርረኛል ብዬ ነው የደበቅኩት። የሰውየውን ስልክ ልስጣችሁ፤ ደውሉለት።»

ተሾመ ኮሪደሩ ላይ ከባልዲው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለዘበ ሰው ነው። በየቪላው እየዞረ የዓሣ ገንዳ ይንከባከባል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጸሎት ኅብረታቸው ቃል ያስተምራል። ባልዲው ውስጥ ነጭ ሰንበር ያላቸው አምስት ብርቱካናማ ዓሦች ይዋኛሉ። ከጠርዙ የተንጠለጠለች ባትሪ የምትበላ ትንሽ የአየር ፓምፕ ውሃውን ታንተከትከዋለች።

«ጌታ ወሰዳት፤» አለ። «ለኅብረታችን ሁሉ እናት ነበረች።»

«ጠዋት የት ነበርክ፣ ወንድሜ?»

«ክፍሌ፣ እዚሁ ሙዓይዘር። ዛሬ የማስተምረውን ብቻዬን ሳዘጋጅ ነበር። ማዳም ደወለችልኝ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደረስኩ። አምቡላንሱ የመጣው ከኔ ቀጥሎ ነው።»

«ዓሦቹን ባልዲ ውስጥ የከተትካቸው ያኔ ነው?»

«ያኔ ነው። እዚያ ጭስ ውስጥ ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ያልቁ ነበር።»

«ዓለምነሽ ራሷ አውጥታቸው ይሆን ብዬ ነው።»

«በምን ታወጣቸዋለች? መረቡም ፓምፑም ከቦርሳዬ አይለዩም። እሷ ደግሞ ዓሣ መንካት ትፈራለች፤ እናቴ ትሙት።» ጣቱን ውሃው ውስጥ ነክሮ ሙቀቱን ለካ። «የባሕር ዓሦች ናቸው፣ እህቴ። ውሃቸው ትንሽ ከተለወጠ ይሞታሉ።»

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ደረሰች። ርብቃ ትባላለች፤ አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ በልብስ መደብር ትሠራለች፤ የተሾመ እጮኛ ናት። ወሬውን ሰምታ ከሥራ ሮጣ መምጣቷ ነው። ራቢያ ለብቻዋ ወደ ግቢው ጥግ ወሰደቻት።

«ዓለምነሽ ሐሙስ ማታ ደውላልኝ ነበር፤» አለች ርብቃ እያለቀሰች። «ነገ ከጸሎቱ በፊት አንድ ሰው የሚነግርሽ ነገር አለ፤ ካልነገረሽ እኔ እነግርሻለሁ አለችኝ። ማነው ብላት እምቢ አለች። እሱ ራሱ ቢናገር ይሻለዋል፤ ቀን ሰጥቼዋለሁ አለችኝ።»

ራቢያ ዓለምነሽ ረቡዕ ዕለት ወደ አገር ቤት ደውላ እንደነበር ከሟቿ ስልክ አየች። ቁጥሩ ሆሳዕና ያለች የአክስቷ ልጅ ነው። ራቢያ መኪናው ውስጥ ገብታ ደወለች፤ ሃያ ደቂቃ ያህል አዳመጠች። ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ከዚያ ከጎረቤቱ ዘበኛ ጋር ጥቂት ተነጋግራ ሄደች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሻምበሉ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። ማዳምና ባባ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሂባ፣ ሰላሐዲን፣ ተሾመና ርብቃ ከፊታቸው ናቸው። የጎረቤቱ ዘበኛ ሙሐመድሁሴን በሩ አጠገብ ቆሟል። ራቢያ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በዐረብኛ እየተናገረች ጀመረች።

«ዓለምነሽን የገደላት ጭስ አይደለም። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ሳንባዋም ጉሮሮዋም አልተቃጠለም ብሏል። ከንፈሯ ከውስጥ በገዛ ጥርሷ ተቆርጧል፤ አፏ ውስጥ የዚህ ሶፋ ትራስ ክር ተገኝቷል። በረኪናውና አሲዱ ሳፋ ውስጥ የተቀላቀሉት እሷ ታፍና ከሞተች በኋላ ነው።»

ማዳም እጇን አፏ ላይ አደረገች። ርብቃ ዓይኖቿን ጨፈነች።

«እኔ ግን ትናንት ሐኪሙ ሳይናገር ተጠራጥሬ ነበር። የአሲዱ ጠርሙስ እምነበረድ ላይ ወድቋል። አሲድ እምነበረድ ሲነካ ይፈላል፤ ድንጋዩን ይበላል፤ ያደበዝዘዋል። ሰው ራሱን ስቶ ከነጠርሙሱ ቢወድቅ ይህ ወለል ተበላሽቶ እናገኘው ነበር። አልተበላሸም። ጠርሙሱ አልወደቀም፤ ባዶውን ተጠንቅቆ ያስተኛው ሰው አለ።»

«ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤» ብላ የታጠፈውን ጨርቅ ከላስቲኩ አወጣች። «አቸቶ የተነከረ ጨርቅ። ከገንዳው ጎን ተለጥፎ ቀርቷል። ዓለምነሽ መስመሩን ሁልጊዜ እንደምታደርገው በአቸቶ ስታስለቅቅ፣ ግማሹን ጨርሳ፣ ቀሪውን እስኪለሰልስ እየጠበቀች ነበር። እየለቀቀላት ያለ ነገር ላይ ሌላ መርዝ የምታመጣው ለምንድን ነው? ገዳይዋ የአቸቶውን ጠርሙስ ይዞ ሄዷል። ከግድግዳው በኩል ያለውን ጨርቅ ግን አላየውም።»

«ስለዚህ ገዳይዋ አሲዱ ከሠራተኞቹ መጸዳጃ ቤት በር ጀርባ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነው፤» አለ ሻምበሉ።

«አዎ። ሂባ ታውቃለች። ሰላሐዲን ያውቃል። ተሾመም ዕቃውን የሚያጥበው እዚያ ነው። ሰላሐዲን ትናንት ያንን ሰዓት ያሳለፈው አል ዋክራ ወደብ አጠገብ ካለ ቤት ነው፤ ባለቤቱም ሚስቱም መስክረዋል።» ባባ ወደ ሾፌሩ ዞረ፤ ሰላሐዲን አቀረቀረ። «ቀሪዎቹ ሁለት ናቸው። እነሱን የሚለይልን ባልዲው ነው።»

ተሾመ ከመቀመጫው ትንሽ ተነቃነቀ።

«ተሾመ፣ ዓሦቹን መቼ እንዳወጣሃቸው ድገምልን።»

«ነገርኩሽ እኮ። ማዳም ጠርታኝ ስመጣ።»

«ጋሼ ሙሐመድሁሴን፣ ሂባ እየጮኸች ስትወጣ እንዴት ነበረች?»

«ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ውሃ ያንጠባጥብ ነበር፤» አለ ዘበኛው። «በርጩማ ሰጥቼ አስቀመጥኳት። ከአጠገቤ አልተነሣችም። ይሄ ሰውዬ በታክሲ የመጣው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ነው።»

«የመወልወያ ውሃ ነው ያረጠባት!» አለ ተሾመ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ቀሚሷ ሲደርቅ ነጭ ነገር ተወበት። ገንዳው መስታወት ላይ ያለውን ነጭ እድፍ በውሃ ብቻ ብታሻሸው አይለቅም፤ አቸቶ የሚያስፈልገው ለዚያ ነው። የሂባ ቀሚስ ላይ ያለው ግን እርጥብ ሶፍት ሲነካው ሟሟ። አስመርምረነዋል፤ የባሕር ጨው ነው። ሂባን ያደናቀፋት ባልዲ ዓሦቹ ያሉበት ባልዲ ነው። አንተ በታክሲ ከመምጣትህ በፊት፣ ሬሳውን ማንም ከማግኘቱ በፊት፣ ዓሦቹ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። ዓለምነሽ ዓሣ አትነካም። ሂባ መረብም ፓምፕም የላትም። ከቦርሳዬ አይለዩም ያልከኝ አንተ ነህ።»

ራቢያ ወደ ተሾመ ጠጋ አለች።

«ጠዋት በኋላው በር ገብተሃል፤ እንደ ሁልጊዜው እሷ ራሷ ከፍታልህ። ከገደልካት በኋላ በረኪናውንና አሲዱን ከማቀላቀልህ በፊት ቆም አልክ። ጭሱ ዓሦቹን እንደሚፈጃቸው ታውቃለህ። አንድ በአንድ በመረብ አወጣሃቸው፤ ከገንዳው ውሃ ቀዳህላቸው፤ ፓምፕ አስገባህላቸው። ከዚያ ነው ሌላውን የሠራኸው። ሰዓቱም የጁምዓ ሶላት ነበር፤ መንገድ ላይ ሰው አልነበረም።»

«ለምን?» አለች ርብቃ። «እትዬ ራቢያ፣ እሷን ለምን ይገድላታል?»

ራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነታች። «ባለቤቴ ሞታብኛለች ብሏችኋል አይደል?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ሆነን አልቅሰናል። ዓለምነሽማ ጾማለታለች።»

«አልሞተችም። ሆሳዕና ውስጥ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የዓለምነሽ የአክስት ልጅ በአጋጣሚ አገኘቻት፤ ባሌ ኳታር ነው ብላ ፎቶውን አሳየቻት። ዓለምነሽ ረቡዕ ዕለት ሰማች። እስከ ዓርብ ድረስ ራሱ እንዲናገር ቀን ሰጠችው። ትናንት ጉባኤው ፊት ሊቀርብ የነበረው የናንተ የሠርግ ቀን ነው።»

ርብቃ ወደ እጮኛዋ ዞረች። ተሾመ አላያትም። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ወለሉን ተመለከተ።

«ለመንኳት፤» አለ። «ተንበርክኬ ለመንኳት። አንድ ወር ብቻ ስጪኝ አልኳት። እሷ ጨርቋን መስታወቱ ላይ እየለጠፈች፣ ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ፊት ትቆማለህ፣ ተሾመ፤ እኔም አብሬህ እቆማለሁ› አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ኖሮ... ትራሱን ያነሣሁት ዝም እንድትልልኝ ነው።»

ራቢያ ቃል በቃል ተረጐመችው። ሁለት ፖሊሶች ከግራና ከቀኝ አነሡት። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ በአማርኛ አንድ ነገር ተናገረ። ሂባ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ምን አለ?» አለ ሻምበሉ።

«ዓሦቹን ማን ያበላቸዋል ነው የሚለው።»

ሻምበሉ ከኪሱ የሂባን ኢቃማ አውጥቶ በገዛ እጁ ሰጣት። ማዳም ተነሥታ ልጅቷን ወደ ራሷ ሳበቻት፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው አለቀሱ።

ርብቃ ግቢው ውስጥ ወጥታ ከግድግዳው ሥር ቆማለች። ራቢያ ውሃ ይዛላት ሄደች። አልተቀበለቻትም።

«የሆሳዕናዋ ሴትዮ ስልክ አለሽ?» አለች ርብቃ።

«አለኝ። ግን ዛሬ ባትደውዪ ይሻላል። ፖሊስ በኤምባሲ በኩል ያሳውቃታል።»

«ከማያውቁት ቢሮ ከምትሰማ ከኔ ትስማ። ልጆቿ እንዳይሰሙ ፈቀቅ በይ የሚላት ሰው ያስፈልጋታል።»

ራቢያ ጥቂት አሰበችና ቁጥሩን ሰጠቻት። ርብቃ ስልኳ ላይ ጻፈችው። ስልኩ ረጅም ጊዜ ጠራ። ከዚያ የሕፃን ጫጫታና የሬዲዮ ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሞታለች ብላ ያለቀሰችላት ሴት ደስ ባለው ድምፅ አነሣችው።

«ሃሎ? ማን ልበል?»